የነነዌ ሰዎች ዛሬም አሉ ወይ?

ኑ ቅረቡ። ጀበናው ተጥዷል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ቄጤማውም ዛሬ ጧት የታጨደ ነው። ዕለቱ ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የነነዌ ጾም ትናንት ረቡዕ ተፈጽሟል፤ ነገ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። በሁለቱ መካከል የተገኘች የፍስክ ቀን ናትና ሳንቸኩል እንጫወትባት።

ከተማችን ሐሙሲት በሐሙስ ሌላ ናት። በሌላው ቀን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መኪና ጥቂት ቆሞ የሚሄድባት ከተማ ናት። በሐሙስ ግን ከፎገራ ሜዳ ሩዝና ቀይ ሽንኩርት የጫነው አህያ፣ ቅቤ በቅል የያዘችው እናት፣ ዶሮ በክንዱ ያቀፈው ጎልማሳ ሁሉ ወደ እሷ ይተማል። ስሟም የገበያ ቀኗ ነው። በዚሁ መንገድ ወረታን፣ አዲስ ዘመንንና እንፍራዝን አልፋችሁ ወደ ጎንደር ብትጠጉ ደግሞ ማክሰኚትን ታገኛላችሁ፤ እሷ የማክሰኞ፣ የኛዋ የሐሙስ ናት።

የዛሬው ጨዋታችን የተነሣው ከአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማለች። ትናንት ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዬን ይዛ አዘገመችና፣ «ጋሼ፣ የነነዌ ሰዎች ዛሬም አሉ?» አለችኝ። ዮናስን ታውቃለች። ዓሣ አንበሪውን፣ ማቅ የለበሰውን ንጉሥ፣ ከሰው ጋር እንዲጾሙ የታዘዙትን ከብቶች ሁሉ በቃሏ ትነግራችኋለች። ከዚያ በኋላ ያ ሕዝብ የት ደረሰ የሚለውን ግን ማንም አልነገራትም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ ነነዌን ጾሜ ይህን ጠይቄ የማውቅ አይመስለኝም። መልሱን ሳልነግራት እንቅልፍ ወሰዳት። ዛሬ ግን ከጎኔ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም አብሬ ላጫውት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ነነዌ በኛ ቤት ምን እንደሆነች እንይ።

የነነዌን ጾም እንደ ትንሽ ጾም የሚቆጥር ሰው አይጠፋም፤ ሦስት ቀን ነዋ! ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዐይን ያየዋል። የዓመቱ ተዘዋዋሪ በዓልና ጾም ሁሉ የሚቆጠረው ከነነዌ ተነሥቶ ነው። የኔታ በጣታቸው ሲያሰሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያየሁትን ላሳያችሁ። ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ 5500 ዓመተ ፍዳ፣ 2017 ዓመተ ምሕረት። ይህን በ19 ሲገድፉት 12 ይተርፋል፤ አንዱን ሲተዉለት 11፣ ይህ ወንበር ይባላል። 11ዱን በ19 ሲያባዙት 209 ይሆናል፤ በ30 ሲገድፉት 29 ይቀራል፣ ይህ መጥቅዕ ነው። መስከረም 29 ዘንድሮ ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለት በላዩ የሚጨመረው፣ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመር 33፤ 30ውን ሲገድፉት 3። «መባጃ ሐመሩ 3፤ ነነዌ የካቲት 3» አሉና ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህች ሦስት ላይ የሚጨመር ነው። ከነነዌ በ14ኛው ቀን ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በ41ኛው ደብረ ዘይት፣ በ62ኛው ሆሳዕና፣ በ67ኛው ስቅለት፣ በ69ኛው ትንሣኤ፣ በ108ኛው ዕርገት፣ በ118ኛው ጰራቅሊጦስ ይውላል። ስለዚህ የዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ነነዌ ራሷ ከጥር 17 አትቀድምም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም። አያችሁ? በእንቁጣጣሽ ጧት ካህኑ ቆመው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሲያውጁ፣ ሁሉን የሚጎትተው ቀን ስሙ የአሦር ከተማ ስም ነው። የፎገራ ገበሬ የሰርጉን ቀን ሲቆርጥ፣ በጉን መቼ ገበያ እንደሚያወጣ ሲያስብ፣ ሳያውቀው ከነነዌ ተነሥቶ ነው የሚቆጥረው።

ነነዌ የነበረችው በዛሬዋ ኢራቅ፣ በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከሞሱል ፊት ለፊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ፈረሰች። ከተማዋ ፈርሳ አገሩ ግን ሰው አላጣም። በዚያ ሜዳና ከበላዩ ባሉት ተራሮች እስከ ዘመናችን የኖሩ፣ ራሳቸውን አሦራውያን የሚሉ፣ በመጻሕፍታችን ሱርስት ከሚባለው ቋንቋ የወጣ ንግግር የሚናገሩ ክርስቲያኖች አሉ። ስለዚህ ለልጄ የመጀመሪያው መልሴ፦ አሉ።

እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው ብትሉ፣ የተራራዎቹን ልንገራችሁ። በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ሃካሪ በሚባለው ገደላማ አገር፣ ቲያሪ፣ ትኹማ፣ ጂሉ፣ ባዝ፣ ዲዝ የሚባሉ ነገዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ነገድ ማሊክ የሚሉት አለቃ ነበረው። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በስም ገዛቸው እንጂ በገደላቸው ውስጥ ጠመንጃቸውን ይዘው ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ከማሊኮቹ ሁሉ በላይ ቁድሻኒስ በምትባል የተራራ መንደር የሚቀመጡት ፓትርያርክ ነበሩ፤ ማር ሽሙን ይባላሉ፣ እኛ ስምዖን እንደምንለው። መንበሩ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ይወርድ ነበር። ፓትርያርኩ በሕይወታቸው ሥጋ አይቀምሱም፤ ለመንበሩ የታጨው ልጅም እናቱ እርጉዝ ሳለች ጀምሮ ሥጋ ትታ ነው የምትወልደው። ሰላም ቢፈርስ አስታራቂ፣ ጠላት ቢመጣ መሪ፣ በእሑድ ቀዳሽ እሳቸው ነበሩ። የገዳም አበ ምኔት፣ ዳኛና የጦር አዝማች በአንድ ሰው ላይ ቢደራረብ ብላችሁ አስቡት።

አብያተ ክርስቲያናቸው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው፣ በራቸው እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ማንም ጎንበስ ሳይል አይገባም። ቅድስተ ቅዱሳኑ እንደኛ መቅደስ በመጋረጃ ይከለላል። በጂሉ የነበረው የማር ዛያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተሰቀሉ የቻይና ሸክላዎች ነበሩ። የቻይና ዕቃ በሃካሪ ገደል ምን አገባው? አያስገርምም! የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ይህች ቤተ ክርስቲያን መነኮሳቷን በእግር እስከ ቻይና የላከች ናት። እ.ኤ.አ. በ635 ወደ ቻይና ዋና ከተማ መግባታቸውን የሚናገር፣ በ781 የቆመ የድንጋይ ሐውልት ዛሬም በሺአን ከተማ አለ። በቻይንኛ ተጽፎ በጎንና በግርጌው የሱርስት ጽሑፍ አለበት።

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ። እነሱ የነነዌን ጾም ባዑታ ይሉታል፤ ልመና ማለት ነው፣ እኛ ምህላ የምንለው። እንደ ታሪካቸው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በነነዌና በዛሬዋ ኪርኩክ አካባቢ ጽኑ ቸነፈር ገባ። ሕዝቡ በጳጳሱ በሰብሪሾ ጥሪ እንደ ጥንቱ የነነዌ ሰዎች ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጾመ፣ አለቀሰ፣ ለመነ፤ ቸነፈሩም ቆመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሦስት ቀን ይጾማሉ፤ ሦስቱን ቀን እህል ውኃ የማይቀምሱም አሉ። በአራተኛው ቀን ግን ምስጋና ነው። የአራተኛው ቀን ስም ደግሞ፣ ወዳጆቼ፣ ሐሙስ ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ወደ ደጅ ወጣሁ። እኛ ዛሬ በሐሙሲት ገበያ ስንጋፋ፣ ቅቤ ስንመዝን፣ ስንስቅ፣ በዚህችው ሐሙስ አንድ ሌላ ሕዝብ «ተመስገን» ብሎ ተሰብስቧል። እኛ ቀኑን በስማችን ይዘነዋል፤ እነሱ በምስጋናቸው።

ጾሙ እንዴት ወደኛ መጣ? ወደ ግብፅ ያስገባው አብርሃም ሶርያዊው የሚባለው ፓትርያርክ እንደሆነ ይነገራል። ሶርያዊ ነጋዴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ975 እስከ 978 በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ፤ የአገሩን ጾም ለግብፃውያን አስተማረ። ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ስንቀበል የኖርን ነንና ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ከጤግሮስ ዳር ወደ አባይ አፍ፣ ከአባይ አፍ ወደ አባይ ምንጭ ማለት ነው። ጾሙ ውኃውን ሽቅብ ወጥቶ ጣና ዳር ደረሰ።

ቶናው ቀረበ፤ እንኩ፣ ያዙ። በዚህ ላይ ስለ መጻሕፍቱ ልንገራችሁ፤ ልቤን ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ይህ ነው።

የኛ አገር ልጅ ፊደል ለይቶ ንባብ እንደጀመረ በቃሉ ከሚይዘው አንዱ ውዳሴ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ምስጋና የደረሰው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ነው ትላለች። ኤፍሬም እ.ኤ.አ. በ306 ገደማ በንጽቢን ተወለደ፤ ከተማው ለፋርስ ሲሰጥ ተሰደደና በኤዴሳ ተቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ373 እዚያው ዐረፈ። ኤዴሳ በመጻሕፍታችን ሮሃ የምትባለው፣ የንጉሥ አብጋር ከተማ ናት፤ የላሊበላም የቀድሞ ስም ሮሃ ነው። አሦራውያንም እምነታቸውን የተቀበሉት ከሮሃ ከመጣው ከአዳይ እንደሆነ ይናገራሉ። እንግዲህ በአኩፋዳው ቁራሽ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃችን የሚቆመው የቆሎ ተማሪ በቃሉ የያዘው፣ እነሱም አባታችን የሚሉት የኤፍሬም ነው።

ይህ ገና ጅማሬው ነው። አንድ ሊቅ አራቱን ጉባኤያት ፈጸመ የሚባለው ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ሲያውቅ ነው። አራተኛው፣ መጽሐፈ መነኮሳት፣ በሦስት ክፍል ይማሩታል፦ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ሦስቱም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሱ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ሱርስት ነው። አረጋዊ መንፈሳዊ የምንለው ዮሐንስ በ8ኛው መቶ ዓመት ከሞሱል በስተ ሰሜን ተወልዶ በቃርዱ ተራሮች የመነኮሰ አባት ነው። ቃርዱ ከነዚያ ነገዶች ተራራ ጋር ጎረቤት ነው። ፊልክስዩስ በሚባለው መጽሐፍ ያለውን ትርጓሜ ደግሞ የጻፈው ዳዲሾ የሚባል የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ እንደሆነ ሊቃውንት ደርሰውበታል።

ማር ይስሐቅስ? «ማር» ሲባል በኛ ጆሮ የንብ ማር ነው የሚመጣብን፤ በሱርስት ግን «ጌታዬ» ማለት ነው፣ ለቅዱስና ለጳጳስ የሚሰጥ የክብር ስም። ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት በዛሬዋ ኳታር አካባቢ ተወለደ፤ ፓትርያርኩ ጊዮርጊስ የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። አዎ፣ የነነዌ! ሹመቱን የያዘው ግን አምስት ወር ብቻ ነው። ሲነገር እንደኖረው፣ አንድ ቀን አበዳሪና ተበዳሪ ተካሰው ፊቱ ቀረቡ። አበዳሪው ዛሬውኑ ይክፈለኝ አለ። ይስሐቅ ወንጌል የሚያዝዘውን ምሕረት አነሣበት። ሰውየው፣ ለጊዜው ወንጌልን ተወው ቢለው፣ ወንጌል ከሌለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ ብሎ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ገባ። በዚያም በንባብ ብዛት ዐይኑ እስኪጠፋ ኖረ፤ ደቀ መዛሙርቱ ቃሉን ይጽፉለት ነበር።

ይህ ሰው ስለሚራራ ልብ የጻፈው አለ። የሚራራ ልብ ለሰው ብቻ አይቃጠልም፤ ለወፉም፣ ለእንስሳውም፣ ለሚጎዳውም ጠላት ያለቅሳል ይላል አሳቡ። እኔ ይህን ሳስብ ማቅ የለበሱት የነነዌ ከብቶች ይታዩኛል። እግዚአብሔር ዮናስን የመለሰበት የመጨረሻ ቃል ስለ ሕፃናቱና ስለ እንስሳቱ አይደለምን? የከተማዋ ጳጳስ የከተማዋን ታሪክ በልቡ አስቀምጦት ነበር።

እዚህ ላይ የማልሸሽገው ነገር አለ። የኛ ቤተ ክርስቲያንና የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት አንድ ጉባኤ አይደለንም። እኛ ሦስቱን ጉባኤያት፣ የኒቅያን፣ የቁስጥንጥንያንና እ.ኤ.አ. በ431 የተደረገውን የኤፌሶንን እንቀበላለን፤ በኤፌሶን የተወገዘውን ንስጥሮስን እናወግዛለን። እነሱ ሁለቱን ብቻ ይቀበላሉ፤ ለንስጥሮስም ክብር አላቸው። በጥር 1957 ዓ.ም. የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ሲሰበሰቡ የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ነበሩ፤ አሦራውያኑ አልነበሩም። ይህ ልዩነት ቀላል ነው አልልም፤ አባቶች ደማቸውን ያፈሰሱበት ነገር ነው። ነገር ግን እነዚሁ ጥንቁቅ አባቶቻችን የይስሐቅን መጽሐፍ ሲያገኙ ደጅ አላሳደሩትም። ወደ ግእዝ መለሱት፣ አንድምታ አወጡለት፣ ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ ውስጥ አስቀመጡት። ጸሎትንና ዕንባን የሚያውቅ ሰው አገሩ የትም ቢሆን ለመነኩሴ መምህር ነው ማለታቸው ይመስለኛል። የሃይማኖትን አጥር ሳያፈርሱ የጎረቤትን በረከት መቀበልን ከእነሱ ተምሬያለሁ።

ይህን ስጫወት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ በእጇ ጣሳ ይዛለች። «እርሾዬ ተበላሸብኝ፤ ጥቂት ብትሰጡኝ» አለች እህቴን። እህቴም ተነሥታ ከቡሃቃው ላይ ቢጫውን ውኃ ቀድታ ሰጠቻት። በኛ አገር የሩዝና የጤፍ ዱቄት ቀላቅለን እንጀራ ስንጋግር እርሾው ከማን ቤት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። ብንጠይቅ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ሲዞር የኖረ ነው፤ መጀመሪያውን ማን አቦካው? ማንም አያውቅም። አልተቋረጠም፣ ያ ይበቃል።

አሦራውያን ይህን ነገር ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን አድርገውታል። ማልካ የሚሉት ቅዱስ እርሾ አላቸው፤ ትርጉሙ ንጉሥ ማለት ነው። እንደ ትውፊታቸው፣ ጌታ በመጨረሻው ራት ከሰጠው ኅብስት ሐዋርያው ዮሐንስ ጥቂት አስቀረ፤ ሐዋርያት ከዚያ እርሾ ተካፈሉ፤ አዳይም ወደ ምሥራቅ ይዞት መጣ። ለቁርባን የሚጋገረው ኅብስት ሁሉ ከማልካው ይነካል፤ ያለ እሱ ቅዳሴ የለም። እንዳያልቅ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ካህኑ በአሮጌው ላይ አዲስ ዱቄት፣ ጨውና ዘይት ጨምሮ ያድሰዋል። ያ ቀን መቼ ይመስላችኋል? ጸሎተ ሐሙስ! ሦስተኛዋ ሐሙሳችን ይህች ናት።

እንግዲህ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ የሃካሪ ነገዶች ከተራራቸው ተነቀሉ፤ መንደራቸው ተቃጠለ፣ እነሱም ወደ ኡርሚያ ተሰደዱ። በ1918 ፓትርያርኩ ማር ቢንያሚን ለእርቅ ተጠርተው ሄደው በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ከኡርሚያ ወደ ሐማዳን፣ ከሐማዳን ከባግዳድ በላይ ወዳለው የባቁባ መጠለያ ተሰደደ፤ በመንገድ ላይ በሺህ የሚቆጠር አለቀ። በነሐሴ 1933 ኢራቅ ውስጥ በሲሜሌና በአካባቢው እንደገና ተጨፈጨፉ። ራፋኤል ሌምኪን የሚባለው የሕግ ሊቅ፣ በኋላ ለዘር ማጥፋት ወንጀል ስም ያወጣለት፣ ልቡ ከተነካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የተረፉት ወደ ሶርያ ተሻግረው በኻቡር ወንዝ ዳር መንደር መሠረቱ፤ ቲያሪው ከቲያሪው፣ ትኹማው ከትኹማው ጋር ሰፈረ።

መከራው በዚያም አልተዋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሞሱልን ያዘ፤ ክርስቲያኖቹን አባረረ፣ በነነዌ ፍርስራሽ ላይ የነበረውን የነቢዩ ዮናስን መቃብርና መስጊድ በፈንጂ አፈነዳ። ያ ስፍራ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የተከበረ ነበር። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ያው ቡድን የኻቡርን መንደሮች ወርሮ ከ200 በላይ አሦራውያንን አፍኖ ወሰደ። በሚያዝያ 2007 ደግሞ በሊቢያ የኛን ልጆች ስለ ክርስትናቸው ገድሎ ለዓለም አሳየ። ያን ጊዜ በየቤታችን ያለቀስነው ለቅሶ ትዝ ይላችኋል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት፣ ከሁለት ወር በፊት በዚያው እጅ የወደቁ የነነዌ ልጆች እንዳሉ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ለሁለቱም አለቅስ ነበር። ኀዘን ለኀዘንተኛ ዘመድ ነው።

ዛሬ ሃካሪ ላይ የነዚያ ነገዶች አብያተ ክርስቲያናት ባዶ ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ፓትርያርኩ ለረጅም ዘመን በአሜሪካ ቺካጎ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ2015 መንበሩ ወደ ኢራቅ፣ ወደ ኤርቢል ተመለሰ፤ አሁን ያሉት ማር አዋ ሦስተኛ በ2021 የተሾሙ ናቸው። ሕዝቡ በቺካጎ፣ በሲድኒ፣ በስዊድን ተበትኗል። ተራራው የለም፣ ማሊኩ የለም፣ ቁድሻኒስ የለችም። ባዑታ ግን አለ። ሰኞ ሲነጋ በሲድኒ ያለችው ሴት አያትም፣ በኤርቢል ያለው ወጣትም እህል አይቀምሱም። የኔ አሳብ ይህ ነው ወዳጆቼ፦ ግንብ ይፈርሳል፣ መጽሐፍም ይቃጠላል፤ ሰው በአፉና በሆዱ የያዘውን ግን ስደት አይቀማውም። ከአሥራ ምናምን መቶ ዓመት በፊት በቸነፈር የተጀመረ ጾም ነገሥታቱን ሁሉ ቀብሮ ቆሟል።

ለኛስ ምን ይነግረናል? እኛ በደቡብ ጎንደር የምንኖር በሀብት ላይ ተቀምጠናል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፋችሁ ወደ ጋይንት ብትዘልቁ ድጓው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ ይነገራል። እዚህ ጣና ዳር ያለችው ጣና ቂርቆስ ከነትውፊቷ አለች። ግን ስንቶቻችን ነን ከቤታችን አጠገብ ባለው ጎጆ ምን መጽሐፍ እንደሚነገር የምናውቅ? የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ የነነዌውን ጳጳስ መጽሐፍ የሚያውቁ መምህር ደጃችን ተቀምጠው ልጆቻችን ነነዌ የት እንደሆነች አያውቁም። መጽሐፈ መነኮሳትን የሚያስተምሩ መምህራን ደግሞ በየቦታው የሚገኙ አይደሉም። ተማሪው ቁራሽ ሲያጣ ጉባኤው ይፈታል፤ ጉባኤው ሲፈታ እርሾው ይደርቃል። ያን ጊዜ ጣሳ ይዘን የማን በር እናንኳኳለን?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ የቆሎ ተማሪ በራችሁ ሲቆም «እግዜር ይስጥህ» ብላችሁ አትመልሱት፤ ማን እንደሚያስተምረው፣ ምን እንደደረሰ ጠይቁት፣ ቁራሹንም ጨምሩለት። ሁለተኛው፣ ለከርሞ ነነዌ ስትገባ፣ ለአገራችን ሰላም በምንለምንበት ምህላ ላይ በልባችሁ አንዲት ስም ጨምሩ፦ የነነዌ ሰዎች። እኛ በእነሱ ጾም ስንት መቶ ዓመት ተጠቅመናል፤ ብድራችን ይህች ናት።

በረካውም ደረሰ፤ ተባረኩ። ልጄ ቆሎዋን ጨርሳ እጇን አራገፈች። ስናወራ ሁሉን ስትሰማ ኖራለች።

«ጋሼ፣ እነሱም ዘንድሮ የጾሙት ከኛ ጋር ነው? ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ?»

የቀን አቆጣጠራችን ይለያያልና በብዙ ዓመት ጾማችን አይገጥምም። የዘንድሮው ፋሲካ ግን ለዓለም ክርስቲያን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ነው። ፋሲካ አንድ ከሆነ ደግሞ በ69 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ነነዌም አንድ ናት።

«አዎ» አልኳት። «በዚያችው ሰኞ።»

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው ማክሰኞ ሲርበኝ እነሱንም ርቧቸው ነበር» አለችና ልትሄድ ለተነሣችው ጎረቤታችን እርሾው እንዳይፈስባት ጣሳውን አብራ ልትይዝላት ወጣች።